ከገበታ ቀድሞ ያልተነሣ እጅ፦ የአቶ ባየልኝ አዛናው የሕይወት ታሪክ (1957 – 2018 ዓ.ም.)

አቶ ባየልኝ አዛናው ከአባታቸው ከአቶ አዛናው ሙጬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናዬ ዳኘው በሰኔ ወር 1957 ዓ.ም. በመተማ ቆላ፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኘው የወላጆቻቸው የሰሊጥ እርሻ ላይ ተወለዱ። ዝናቡ መሬቱን አርሶ ዘር የሚበተንበት ሳምንት ነበር። ወይዘሮ ማናዬ ምጥ የያዛቸው ለዘሪዎቹ የማሽላ ገንፎ ሲያገነፉ ነው፤ ገንፎውን አውጥተው፣ መሐሉን አጎድጉደው፣ የሰሊጥ ዘይቱን አፍስሰው ካቀረቡ በኋላ ወደ ጎጆ ገብተው ወለዱ። "ገንፎው ቀደመ፣ ባየልኝ ተከተለ" እያሉ ዘመዶቻቸው ዕድሜ ልካቸውን ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ዛሬ ሐዘን ነው፤ ሆኖም ቤተሰቡ አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም። አቶ ባየልኝ በስኳር ሕመም መሞታቸው ከተሰማበት ሰዓት ጀምሮ፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ "ሆዱ ነው የገደለው" የሚል ወሬ ከገንዳ ውሃ ባጃጅ ተራ ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደርሷል። ካወሩት ሰዎች ብዙዎቹ አሁን እዚህ ቆመዋል። ከእነዚያም ውስጥ በሟቹ ገበታ ሳይጠግብ የተነሣ አንድ ሰው የለም። ይህ ታሪክ የተጻፈው ለእነርሱም ጭምር ነውና እስከ መጨረሻው ይስሙት።

አባታቸው አቶ አዛናው ከጭልጋ ደጋ ወርደው፣ በሰው እርሻ አርመውና አጭደው፣ ኋላ የራሳቸውን ጫካ መንጥረው ባለ እርሻ የሆኑ ሰው ነበሩ። ቆላ ወርዶ ባለ እርሻ መሆን ማለት የሰው ሆድ መያዝ ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሰሊጥ እንደ ጤፍ ታጋሽ እህል አይደለም። ፍሬው በደረሰ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት የጉንዳን ቀለብ ይሆናል። ስለዚህ በጥቅምት ወር የባለ እርሻ ሕይወት ያለው በአጫጆቹ እጅ ነው። አጫጆቹ ደግሞ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጋይንት የሚመጡ፣ ማንም በውል ያላሰራቸው ሰዎች ናቸው። "የእገሌ እርሻ ወጡ ቀጭን ነው" የሚል ወሬ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከተሰማ፣ ሰኞ ጠዋት ማጭዳቸውን ይዘው በመኪና ወደ አብደራፊ እርሻዎች ይሄዳሉ።

ከዚህ የተነሣ በቆላው የእርሻ ሰፈር የቆየ አንድ ወግ አለ። ባለ እርሻው ከአጫጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ሳይበላ ቢቀር፣ "ራሱ የማይበላውን ነው የሚያበላን" ይባላል። ከበላ ደግሞ እጁን ቀድሞ ማንሣት አይችልም። ጌታው እጁን ካነሣ አጫጁም በይሉኝታ እጁን ያነሣል፤ ባይጠግብም ያነሣል፤ ባዶ ሆዱን ይዞ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ስለዚህ ባለ እርሻው የመጨረሻው አጫጅ እስኪጠግብ ድረስ፣ ቢርበውም ባይርበውም፣ ይቆርሳል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ትሪ ይሄዳል። ከዚያም ወደ ሦስተኛው።

አቶ አዛናው ጨጓራቸውን የሚያማቸው፣ ከሲታ ሰው ነበሩ፤ ይህን ወግ ሊወጡት አልቻሉም። መፍትሔ ያገኙት በበኩር ልጃቸው ነው። ባየልኝ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በመኸር ወቅት ወደ አጫጆቹ ዳስ ያመለክቱና፣ "ሂድ፣ ብላላቸው" ይሏቸው ጀመር። እኩዮቻቸው ጥጃ ሲጠብቁ፣ ግሪሳ ሲያባርሩ፣ የእርሳቸው ሥራ መብላት ሆነ። ሕፃኑ በጎልማሶች መካከል ተቀምጠው ከትሪ ወደ ትሪ እየተዘዋወሩ የማሽላ እንጀራ በደረቅ ባሚያ ወጥ፣ ገንፎ በሰሊጥ ዘይት፣ ስኳሩ ከታች የተቆለለ ሻይ ሲወስዱ ይውሉ ነበር። አጫጆቹም ያሾፉባቸው፣ ያጎርሷቸውም ነበር። "የጌታው ልጅ ገና ነው፣ ብሉ እንጂ ጎበዝ" ይላል አንዱ። "ይኸ ልጅ ሆዱ ጎተራ ነው፣ ወንድሜ፣ እኛም ዕድላችን ነው" ይላል ሌላው።

እዚያ ተቀምጠው የተማሩት ትምህርት እስከ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። ሰው ሁሉ መጥገቡን የሚያውቀው ከገዛ ሆዱ ነው። አቶ ባየልኝ ግን ጥጋብን ከሌላው ሰው እጅ ማንበብ ለመዱ። የማን ጉርሻ እንዳነሰ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን አሁንም እንደሚፈልግና እንዳፈረ በጨረፍታ ያውቁ ነበር። የራሳቸው ሆድ የሚለውን የሚጠይቃቸውም፣ የሚያዳምጥላቸውም አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. ያኔ ሸኽዲ በምትባለው በዛሬይቱ ገንዳ ውሃ ትምህርት ጀምረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘለቁ። በትምህርት ወራት በአክስታቸው ቤት ነበር የሚቀመጡት። አክስታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደመሰከሩት፣ ልጁ ብቻውን ሲቀርብለት አንድ እንጀራ እንኳ አይጨርስም ነበር። ሆዳም የሚሏቸው ሰዎች ይህን ይመልሱ። ሆዳም ሰው ለብቻው ሲሆን ነው የሚበረታው። አቶ ባየልኝ ብቻቸውን ሲሆኑ የወፍ ያህል የሚበሉ፣ ከሰው ጋር ሲቀመጡ ግን የሰውን ሁሉ ድርሻ የሚሸከሙ ነበሩ።

በ1976 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ እርሻውን ተረከቡ። መሬቱ በየዘመኑ አዋጅ እየተቆረሰ አንሶ ነበር፤ ይሁንና የቀረው ይታረስ ነበር። በዓመቱ፣ በ77ቱ ድርቅ፣ ከደጋ የወረደው ሰው ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ለመሥራት አቅም ያጣ ሰው ነበር። የሃያ ዓመቱ ወጣት ባየልኝ ያን ዓመት ያልታጨደውን ሰሊጥ ረስተው ትሪ ያስቀርቡ ነበር። ሕፃናቱ ከትሪው ዳር ሆነው የእርሳቸውን እጅ ሲመለከቱ፣ እርሳቸው ካቆሙ ትሪው እንዳይነሣባቸው ፈርተው በዓይናቸው ሲለምኑ ማየታቸውን ለባለቤታቸው ነግረዋል። ለሌላ ሰው ሲናገሩ ግን አልተሰሙም። ከዚያ ዓመት በኋላ ወጉ ለእርሳቸው ወግ መሆኑ ቀርቶ ሃይማኖት ሆነ።

በጥር ወር 1979 ዓ.ም. ከገለጉ ከተማ ሰዎች ልጅ ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ሙሽራዋ በጭነት መኪና ላይ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው ነው ኮኪት የደረሱት። በዚህ ትዳር ማርያማዊትን፣ ማዕረግንና አገኘሽን አፍርተዋል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ በመጀመሪያው መኸር ባለቤታቸው በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ሲበሉ አይተው ደንግጠው፣ ለአማታቸው ለወይዘሮ ማናዬ "እትዬ፣ ይኸ ሰው አይታመምም?" ብለው ጠይቀው ነበር። ወይዘሮ ማናዬ የመለሱላቸው፣ "ሲያቆም ነው የሚታመመው" ብለው ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ እውነታቸውን ነበር። አቶ ባየልኝ ያርሱ፣ ያርሙ፣ ያጭዱ፣ ነዶውን አቁመው ሂላ የሚባለውን ክምር ይሠሩ፣ ኩንታል ይሸከሙ ነበር። የበሉት ሁሉ በላብ ይወጣ ነበርና በሠላሳ ዓመታቸው ሰውነታቸው እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥ ያለና ደረቅ ነበር።

ትራክተር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ አረም የሚያደርቀው መድኃኒት መጣ። ትከሻቸው ሥራ አጣ። በ1999 ዓ.ም. ልጆቹን ለማስተማር ቤተሰቡ ወደ ገንዳ ውሃ ገባ፤ አቶ ባየልኝም እርሻቸውን በመኪና እየተመላለሱ የሚያዩ የከተማ ሰው ሆኑ። ሰሊጥን የሚያጭድ ግን አሁንም ሰው ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲለወጥ ትሪው አልተለወጠም። ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይሄዳሉ፣ ከትሪ ወደ ትሪ ይበላሉ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይመለሳሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክብደታቸው መቶ ኪሎን አለፈ።

ያን ጊዜ ይህች ከተማ ምን እንዳለቻቸው ቤተሰቡ አልረሳም። "አምሮብሃል" አለቻቸው። "አሁን ገና ሰው መሰልክ" አለቻቸው። በሠርግ ላይ ከፊት አስቀመጠቻቸው፤ ሽምግልና ጠራቻቸው፤ ከሲታ ሆነው ሃያ ዓመት ሲለፉ ያላከበረቻቸው ከተማ ቦርጫቸውን አከበረች። ከዚያው አፍ ነው ዛሬ "ሆዱ ገደለው" የሚል የሚወጣው። ይህ ሰው አፈር ሳይለብስ ይህን ለመናገር ድፍረት ከየት እንደመጣ ቤተሰቡ ይገርመዋል። ይልቅ ደፍሮ እውነቱን የነገራቸው አንድ ሰው ቢኖር ወዳጃቸው ነጋዴው አቶ ጀይሉ ናቸው፤ እርሳቸውም በቀልድ ነበር። "ያ ባየልኝ፣ ወላሂ የሱቄን በር ላሰፋልህ ነው፣ አንተ ከቆምክበት ዕቃው ሊወጣ አልቻለም" ይሏቸው ነበር። አቶ ባየልኝም፣ "በሩን ተወውና ያን ጣፋጭ ሃላዋ ደብቅ" ብለው ይመልሱ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ውኃ ጥም አላስተኛቸው አለ። ልጃቸው ነርስ ማርያማዊት ይዛቸው ሄዳ አስመረመረቻቸው፤ የስኳር ሕመም ተገኘባቸው። የተሰጣቸው ምክር ትክክል ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ይራመዱ፣ ሲጠግቡ ያቁሙ ተባሉ። በምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ፖምና አበባ ጎመን ያሳያል፤ መተማ ላይ አንዱም አይበቅልም። ይኸ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ "ሲጠግቡ ያቁሙ" የሚለው ነው። መጥገባቸውን በስንት ሰው እጅ እንደሚያውቁ፣ ማቆማቸው ስንት ሰው እንደሚያስርብ ማንም አልጠየቃቸውም። መካሪው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ሆድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቆላው እርሻ ላይ ተወልዶ አያውቅም።

ማርያማዊት ለአባቷ ለብቻቸው ሳህን ገዛች። በዚያች ሳህን ላይ ግማሽ እንጀራ፣ ጎመንና ጥቂት ምስር እየለካች ታቀርብላቸው ነበር። እርሳቸውም ልጃቸውን ስለሚወዱ ይቀበሏት፣ ይበሉላትም ነበር። ነገር ግን ሳህኗን ከሰው ዓይን ደብቀው፣ ጓዳ ገብተው፣ በር ዘግተው ነበር የሚበሉት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደጉ ሰው ናቸውና ያፍሩ ነበር። እንግዳ የመጣ ቀን ሳህኗ ትረሳለች። እንግዳ የማይመጣበት ቀን ደግሞ በዚያ ቤት አልነበረም። መርፌ ሲታዘዝላቸው መድኃኒቱ በመተማ ሙቀት እንዳይበላሽ የተቀመጠው በአቶ ጀይሉ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ፣ በለስላሳ መጠጦቹ መካከል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሊወጉ ሲሄዱ አቶ ጀይሉ "ዛሬስ በልተሃል ወይስ ተበልተሃል?" ይሏቸው ነበር።

ከዚያ ደግሞ መክሳት ጀመሩ። እዚህ ላይ ቤተሰቡ የራሱን ስሕተት ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ስሕተቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የዚህ አገር ነውና። ስኳሩ ሥጋቸውን እየበላ ሲያከሳቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ምን ነካው? አይበላም እንዴ?" አለ። በረሃብ ያደገ ሕዝብ ለክሳት የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ገንፎ አገነፉ፣ ማር ጨመሩ፣ የሰሊጥ ዘይት አፈሰሱ። ከገለጉ ዘመዶቻቸው ማር በጀሪካን ላኩ። ማርያማዊት ከሥራ ስትመለስ አባቷን ገንፎ ፊት ታገኛቸውና፣ "እማዬ፣ በእጅሽ እኮ ነው የምትገድይው" ትላለች። እናቷም፣ "እየው እስቲ አንገቱን! ይኸን እያየሁ ዝም ልበል?" ይላሉ። ሁለቱም የሚያለቅሱት ለአንድ ሰው ነበር። አንዷ ስታጎርስ፣ አንዷ ስትነጥቅ፣ እርሳቸው በመካከል ተቀምጠው ማንንም ላለማስከፋት ከሁለቱም ይቀበሉ ነበር።

የ2016 ዓ.ም. መኸር የመጨረሻው ሙከራ ነበር። ማርያማዊት የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አባቷን ተከትላ እርሻ ወረደች። የሰሊጡ ፍሬ ሊከፈት ነው፤ አጫጆቹም የገቡት ገና ትናንት ነው። ልጅና አባት በመንገድ ላይ ተስማሙ። አቶ ባየልኝ ከየትሪው ጥቂት ቀምሰው እጃቸውን ሊያነሡ፣ የቀረውን ግን "ብሉ፣ እኔ ጠገብኩ" ብለው ሊያስበሉ ነበር። ቀላል ነገር ነው። እግር መቁረጥ አይደለም፣ ድንጋይ መፍለጥ አይደለም፤ እጅን ከትሪ ላይ ማንሣት ነው።

በመጀመሪያው ትሪ ሦስት ጊዜ ቆርሰው እጃቸውን አነሡ። "እናንተ ብሉ" አሉ። የአጫጆቹ ካቦ አቶ ደረበ ከጎጃም ለረጅም ዓመታት ወደዚያ እርሻ የተመላለሱ ሰው ናቸው። አቶ ደረበ የጌታቸውን እጅ አይተው የራሳቸውን እጅ አነሡ። ሌሎቹም አነሡ። ትሪው ግማሹ እንኳ ሳይነካ በመካከላቸው ቀረ። "ብሉ እንጂ" አሉ አቶ ባየልኝ። "ጠግበናል ጌታው" አሉ። ሁለተኛው ትሪ ላይም እንዲሁ ሆነ፤ ሦስተኛው ላይም። ሰዎቹ ባዶ ሆዳቸውን ወደ ማሳው ወጡ። ፀሐዩ ሲበረታ የሚዝለፈለፉ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በአጫጆቹ መካከል ሹክሹክታ ተጀመረ። "ባለቤቱ ያልበላው ምግብ ምን ቢኖረው ነው?" የሚሉ ነበሩ። ማታውን ለመሄድ ማጭዳቸውን የጠቀለሉም ነበሩ።

አቶ ደረበ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ጎጆው መጡ። "ጌታው፣ ምን አስቀየምንዎት? አንቱ ካልበሉልን እኛስ በምን አፋችን እንበላለን?" አሉ። ያን ጊዜ ማርያማዊት አልቻለችም፤ አጫጆቹ ፊት ቆማ ሕመሙን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ኩላሊታቸው እየደከመ መሆኑን፣ እግራቸው ስሜት ማጣቱን፣ እንዲህ ከበሉ ብዙ እንደማይቆዩ ነገረቻቸው። አዳመጧት። እግዜር ይማራቸው አሉ። አንዳንዶቹ እንባ አወጡ። መልካም፣ ተረዱ ብላ ልቧ አረፈ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አቶ ባየልኝ ሁለት ጊዜ ቆርሰው እጃቸውን አነሡ። አጫጆቹም ሁሉ አነሡ። ያለፈው ቀን በይሉኝታ ነበር፤ አሁን በሐዘን ሆነ። "እሳቸው በሽታ ላይ ሆነው እኛ እንዴት አፋችንን እንሞላለን?" አሉ። ማርያማዊት ለመነች፣ ተቆጣች፣ እንዲበሉ አዘዘች። ማንም አልነካውም። ማሳው ላይ የመጀመሪያው የሰሊጥ ፍሬ አፉን መክፈት ጀምሮ ነበር። አቶ ባየልኝ ልጃቸውን ተመልክተው፣ "ልጄ፣ ተይ ተይኝ። እኔ እጄን ባነሣ ማን ይበላል?" አሉና ወደ ትሪው ተመለሱ። ትልቅ ጉርሻ ቆርሰው ዋጡ። ሃያ እጅ ወደ ትሪው ተዘረጋ። እርሳቸውም የመጨረሻው ሰው እስኪጠግብ ድረስ ሳያቆሙ በሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ቀጣዩ ሄዱ። ማርያማዊት ከኋላቸው ቆማ ከማየት በቀር ማድረግ የምትችለው አልነበራትም።

ማነው እዚህ ጥፋተኛው? ይህን ጥያቄ ቤተሰቡ ደጋግሞ ጠይቆ መልስ አላገኘም። አጫጆቹ ስላከበሯቸው ነው። ባለቤታቸው ስለወደዷቸው ነው። ልጃቸው ያወቀችውን ሁሉ አድርጋለች። ሐኪሙም የተናገረው ስሕተት አልነበረም። አንድ ክፉ ሰው ቢገኝ ቁጣን የሚያሳርፉበት ነበር። ክፉ ሰው ጠፋ፤ አቶ ባየልኝም ሞቱ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ማሳው መካከል ሲዘዋወሩ የታጨደ ሰሊጥ ጉቶ ጫማቸውን በስቶ እግራቸው ውስጥ ገባ። አልተሰማቸውም። ማታ ወይዘሮ ባንቺአየሁ እግራቸውን ሊያጥቡ ጫማውን ሲያወልቁ ደም አገኙ። ቁስሉ አልድን ብሎ ወደ ጎንደር ተወስደው ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። በ2017 ክረምት ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። እጥበቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጎንደር መድረስን ይጠይቃል፤ መንገዱ ደግሞ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ራሱ ነው የሚያውቀው። ሹፌር ተለመነ፣ ጸሎት ተደረገ፣ መናኸሪያ ታደረ። አንዳንድ ሳምንት ደረሱ፤ አንዳንድ ሳምንት ከመንገድ ተመለሱ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ "ከእንግዲህ አታመላልሱኝ" ብለው በቤታቸው ተኙ። የነፍስ አባታቸው መጥተው ንስሐቸውን ተቀብለው አቆረቧቸው።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምንም መዋጥ አይችሉም ነበር። የሚጠይቃቸው ሰው ግን አይቋረጥም፤ ከኮኪትም፣ ከገለጉም ይመጣል። ትሪው በአልጋቸው ጎን ይቀርባል። እንግዶቹ የታመመ ሰው ፊት መብላት ከብዷቸው ሲያመነቱ፣ አቶ ባየልኝ ያበጠ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው የትሪው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አይቆርሱም። እጃቸውን እዚያ ብቻ ያኖሩታል። እጃቸው ከትሪው ላይ እስካለ ድረስ እንግዳው ይበላል። አንዳንዴ ክንዳቸው ሲዝል ማርያማዊት ከሥር ደግፋ ትይዝላቸው ነበር።

ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቅዳሴ በኋላ የመጡ ዘመዶች በዘጠኝ ሰዓት ጾማቸውን ሊፈቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አቶ ባየልኝ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ከትሪው ጠርዝ ላይ አኖሩ። እንግዶቹ በሉ፤ ጠግበውም እጃቸውን አነሡ። የእርሳቸው እጅ እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ትሪውን ለማንሣት ሲፈልጉ የባለቤታቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት። ትንፋሻቸው ነበረ፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አልገለጡም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

አቶ ባየልኝ የሠላሳ ስምንት ዓመት የትዳር አጋራቸውን ወይዘሮ ባንቺአየሁን፣ ልጆቻቸውን ማርያማዊትን፣ ማዕረግንና አገኘሽን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ወዳጃቸውን አቶ ጀይሉንና በየዓመቱ ከየአገሩ የሚመጡ አጫጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አቶ ደረበና ጓደኞቻቸው ማሳውን ጥለው ዛሬ እዚህ ተገኝተዋል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

ሰሊጡ ግን ለቀብር አይቆምም። በዚህ ሳምንት ፍሬው ይከፈታል። ልጃቸው ማዕረግ ሠልስቱን እንኳ ሳይቀመጥ ነገ ጠዋት ወደ እርሻው ይወርዳል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ዓመት ደሙን ተመርምሮ የሰማውን ለእህቱ ለማርያማዊት ብቻ ነው የነገራት። ነገ ቁርስ ላይ የመጀመሪያው ትሪ ሲቀርብ የአጫጆቹ ሁሉ ዓይን በእርሱ እጅ ላይ ይሆናል። ማርያማዊት ምን ብላ እንደምትመክረው ቤተሰቡን ጠይቃለች። ቤተሰቡ የሚላት አላገኘም። ከዚህ ጉባኤ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ዛሬውኑ ይንገራት።

ሰውን ሁሉ ያጠገበ አምላክ የአቶ ባየልኝን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ጎን ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ባንቺአየሁና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ማዕረግንም ይጠብቅልን። አሜን።